ኢንሹራንስ የማን ዘመድ ነው?

«ኢንሹራንስ ተገጨች!»

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ጋምቤላ ገበያ ላይ የተወራው ወሬ ይህ ነበር። ኢንሹራንስ ማለት እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ወይንሸት ቢሆንም የዚህ ከተማ ባጃጅና ሞተር ነጂዎች ስሜን ያውቁታል ብዬ አላምንም። በአንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ፣ ካሳ ክፍል ውስጥ ፀጉሬ እስኪሸብት ስሠራ፣ ከመንገድ ማዶ «ኢንሹራንስ! ደህና ነሽ?» እያሉ ሲጠሩኝ ኖረው እኔም ዞር ማለት ለመደብኝ። ታዲያ ያቺ ኢንሹራንስ ቲማቲሟን ይዛ ስትሻገር ጭነት የያዘ ባጃጅ እግሯን ሲሰብራት፣ ከተማው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ። «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መርጦ ኢንሹራንስን ይገጫል?» አሉ። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማ ሳቅሁ፤ ሳቁ እግሬን ቢያሳምመኝም።

የገጨኝ ሰው ሀብታሙ ይባላል። ጫካ ውስጥ ካለችው የቡና አገር፣ ከመቲ የመጣ ነው። ከመናኸሪያና ከአውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ እየተቀበለ ለሱቆችና ለሆቴሎች የሚያደርስ፣ አለቃ የሌለው፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው ነው። ራሱ አንስቶ፣ የቡና ጆንያ ላይ አስደግፎ ሆስፒታል አደረሰኝ። ጄሶው እስኪታሰርልኝ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ልጄ ሰላም ደርሳ ስትጮህበት ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

«ክሰሺው» አለችኝ ሰላም በማግስቱ። መምህርት ናት፤ ነገር በወረቀት ካላለቀ ያለቀ አይመስላትም።

«ይመጣል» አልኳት።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ዘመዶቹን ይዞ ይመጣል።»

«ምን ዘመድ አለው? ለአገሩ እንግዳ ነው እኮ። ደግሞስ ኢንሹራንሱ ሂድ ይለዋል? አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ነው፤ የእግርሽን ፎቶ ልከው ይጨርሱታል።»

የፈራሁትም ይህንኑ ነበር። እግሬስ ይጠገናል። ሀብታሙ ሳይመጣ ቢቀር ግን ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ጡረታ ከመውጣቴ ጋር አብሮ እንደፈረሰ ነበር የምቆጥረው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ጋምቤላ የመጣሁት ከጎሬ ነው። ደጋ ላይ ሹራብ ደራርቤ ተሳፈርኩ፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ በአንድ ሳወልቅ ባሮ ድልድይ ስንደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር። ቅርንጫፉ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጎን ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። መብራት ሲኖር ማራገቢያው ወረቀቱን ይበትነዋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኛ ተበትነን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እንሰበሰባለን። ደመወዙን አላነሳውም፤ ያኔም አይነሳም ነበር።

የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ደጀኔ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው። የዚህ ሥራ አባቴ እሳቸው ናቸው። አደጋ የደረሰበት ቦታ ስንሄድ ሌላው ገማች የተጎዳውን ተሽከርካሪ ዙሪያውን እየዞረ ሲነካካ፣ ጋሽ ደጀኔ የሹፌሩ መቀመጫ ላይ ወጥተው ቁጭ ይላሉ። ምንም አይጽፉም። መሪውን ይይዛሉ፣ ፊት ለፊት ያያሉ፣ ፀሐዩ ዓይናቸውን ሲወጋው ግንባራቸውን ይከላሉ። የመጀመሪያ ቀን አፈርኩባቸው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ አንድ ሽማግሌ ተገልብጦ የተቃና ባጃጅ ላይ ተቀምጠው ሲነዱ ያስመስላሉ።

«ወይንሸት» አሉኝ ሲወርዱ፣ «ብረቱ የሆነውን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ሹፌሩ ያየውን ግን እዚህ ካልተቀመጥሽ አታዪውም።»

ሌላው ትምህርታቸው ጭነት ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ስለ ጭነት የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው። ጋሽ ደጀኔ ግን «ጭነት እንደ ሰው ጠባይ አለው» ይሉ ነበር። ግማሽ በርሜል ውሃ ከሙሉ በርሜል ይልቅ ባጃጅ ይገለብጣል፤ ሙሉው ባለበት ረግቶ ይሄዳል፣ ግማሹ በየመታጠፊያው ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ፍራሽ ቀላል ነው ተብሎ ተቆልሎ ይጫናል፤ ድልድዩ ላይ ንፋስ ሲያገኘው ባጃጁን ይዞ ሊበር ይደርሳል። ዓሣ ደግሞ ጠዋት ከበረዶው ጋር በሥርዓት ይጫንና ፀሐይ ሲበረታ በረዶው ቀልጦ ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ሹፌሩን «ስንት ላይ ነበርክ?» ብለው አይጀምሩም። «ምን ጭነህ ነበር ልጄ?» ነው የሚሉት። ሹፌር ስለ ፍጥነቱ ይዋሻል፣ ስለ ጭነቱ ግን የሚዋሽ እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ ልማዳቸው ግን መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። ሐዘን ቤት ወይም ተጎጂ ቤት ስንደርስ፣ በር ላይ ቆም ብለው እስክሪብቷቸውን ከሸሚዝ ኪሳቸው አውጥተው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። «እስክሪብቶ ባየ ቤት ሰው አያለቅስም፤ ይጠነቀቃል» ይሉ ነበር። የጋምቤላ ሙቀት እስክሪብቶውን ያፈሰዋል። ከዚህ የተነሳ ሱሪያቸው ሁሉ ጭኑ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለው። ባለቤታቸው «የመድን ድርጅት ሆናችሁ የባሌን ሱሪ የሚክስልኝ ጠፋ!» እያሉ ቢሮ ድረስ መጥተው ይቀልዱብን ነበር።

ኡሞድን ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። የጭነት ባጃጅ አለው፤ ከባሮ ዳር ዓሣ ለሆቴሎች፣ ከገበያ ሽንኩርት ለሱቆች ያደርሳል። ሕጉ የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን ዋስትና ሊገዛ መጣ፤ ሌላ ሰው ብትጎዳ ካሳውን የሚከፍለውን ማለቴ ነው። ሹፌሮቹ «ወረቀቷ» ነው የሚሏት። ትራፊክ እንዳይዛቸው መስታወት ላይ ይለጥፏታል እንጂ ምን እንደምትሠራ የሚጠይቅ አልነበረም።

ቅጹን እየሞላሁ «ቀጣሪህ ማነው?» አልኩት።

«ጠዋት ዓሣ ነው። ከሰዓት ሽንኩርት ነው» አለኝ። «እሁድ ቀጣሪ የለም፤ ቸርች ነው።»

ጋሽ ደጀኔ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «እንዳለው ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት «ዓሣ» የሚባለው ድርጅት አድራሻ ይላክልን ብሎ ጠየቀ።

ኡሞድ ግን ወረቀቱን ይዞ አልወጣም። «አንቺ፣ ይሄ ወረቀት፣ እኔ ሰው ከገጨሁ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ካሳውን እኛ እንከፍልልሃለን።»

«ለምን? ዘመዴ ነሽ?»

ሳቅሁ። ጋሽ ደጀኔ አልሳቁም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ነገሩት። ሹፌሩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ አንዱን የከፋ ቀን ሲያገኘው ሁሉም ይሸከምለታል አሉት። ኡሞድ አሰበ፤ ፊቱ በራ።

«እሺ፣ አንተ ዘመድ ነህ ማለት ነው።»

ስለ «አንተ» አትገረሙ። ጋምቤላ ውስጥ አማርኛ የብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ «እርስዎ» የምትባለው ቃል ቁልቁለቱን ስትወርድ ሙቀቱን አትችለውም። «ዘመድ» ማለቱ ግን የምሩን ነበር። በኡሞድ ወገኖች ዘንድ አንድ ሰው ጥፋት ሲያደርስ ካሳውን ብቻውን አይከፍልም፤ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ የአክስቱ ባል ያዋጣሉ። ኡሞድ ዓረቦኑን ከፍሎ ወረቀት የገዛ አልመሰለውም። ዘመድ የጨመረ ነው የመሰለው። እኛም ደስ አለን፤ ተረቱ በደንብ ስለገባው እንዲያውም ጋሽ ደጀኔ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጩ ዋሉ።

ከዚያ የከፋው ቀን መጣ። ዝናብ አባርቶ፣ ጭቃው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሳለ፣ ገበያው አጠገብ ኡሞድ አንዲት አሮጊት ገጨ። ጋሽ ደጀኔ መቀመጫው ላይ ወጥተው ሲቀመጡ በረዶው ቀልጦ ባጃጁ ወደ ቀኝ አጋድሎ ነበር፤ ጥፋቱ ግልጽ ነው፣ ክፋት ግን የለበትም። አሮጊቷ ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝተው አረፉ።

ኡሞድ አልሸሸም፤ አልካደም። አገሩ እንደሚያዘው አደረገ። አጎቶቹን ይዞ የሟች ቤት ሄደ፤ መሬት ላይ ተቀመጡ። በሕዝቡ ፊት ተነሥቶ «እጁ የኔ ነው» አለ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ የሁለቱ ወገን ሰዎች አብረው ውሃ አይጠጡም። ሽማግሌዎች ተነጋገሩ፣ ተከራከሩ፣ ተስማሙ፤ ዘመድ አዋጣ። መጨረሻ ላይ ውሃ መጣ፣ ሁሉም ጠጡ። ከዚያ በኋላ የሟች ልጆች ኡሞድን ገበያ ሲያገኙት ሰላም ይሉት ነበር።

በሳምንቱ ኡሞድ ደስ ብሎት ቢሮ መጣ። «ሁሉም አለቀ» አለን። «ዘመዶቼ የድርሻቸውን አዋጡ። አሁን የእናንተ ድርሻ ቀረ።»

ጋሽ ደጀኔ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ግን ምንም አላነበቡም። ውሉ ውስጥ እኔም እሳቸውም በቃላችን የምናውቀው አንቀጽ አለ፤ መድን ገቢው ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋቱን አምኖ ከተቀበለ፣ ቃል ከገባ ወይም ከከፈለ፣ ድርጅቱ አይጠየቅም ይላል። ለኡሞድ ተረት እንጂ ይህን አንቀጽ አልነገርነውም፤ ብንነግረውስ ምን ያደርግ ነበር? ከተማው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሄዶ ካመነ ብቻ ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት በአጭሩ መለሰ፤ በገዛ ፈቃዱ የፈጸመው ስለሆነ አይመለከተንም አለ። ጋሽ ደጀኔ ደግመው ጻፉ፤ ያው መልስ መጣ። እንግዲያው ራሴ እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሳቸው ኡሞድ ነው፣ ያንኑ ዓሣ የሚሸት ባጃጁን አጥቦ። ሲመለሱም ሊቀበላቸው ቆሞ ነበር፤ እኔም አብሬው ቆሜያለሁ። ጋሽ ደጀኔ ቦርሳቸውን ይዘው ከበሩ ሲወጡ ኡሞድ ፊታቸውን አየ። ምንም ሳይናገሩ ገባው።

«ዘመድ አይደለህም ማለት ነው» አላቸው።

በቁጣ አልተናገረም። የማያውቀውን ነገር እንዳወቀ ሰው ነው የተናገረው። ቦርሳቸውን ተቀብሎ ጫነላቸው፣ ከተማ አደረሰን፣ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ከዚያ ባጃጁን ሸጠና የቀረውን ድርሻ እንዲሸፍኑበት ገንዘቡን ለአጎቶቹ ሰጠ፤ ቡና ሊለቅም መቲ ወጣ።

ተናድጄ ነበር። ማንጎው ሥር ጋሽ ደጀኔን እንደ ጥፋተኛ አፋጠጥኳቸው።

«ቢክድ ኖሮ እንከፍልለት ነበር?»

«እንከፍል ነበር።»

«ቢሸሽስ?»

«እሱንም ቢሆን።»

«ታዲያ የእኛ ውል ለማን ነው የተጻፈው? ለሚሸሽ ሰው?»

ጋሽ ደጀኔ የረገፈ ማንጎ አንሥተው ሲያገላብጡ ቆዩ። «ውሉን የጻፈው ሰው ሐዘን ቤት ተቀምጦ አያውቅም» አሉ። ያን ጊዜ ማማረር መስሎኝ ነበር። ለካ እቅድ ነው።

ከአንድ ክረምት በኋላ የዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ኃላፊ ቅርንጫፉን ሊጎበኙ መጡ። ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል፤ ገና ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሲወርዱ ነው የተቀቀሉት። በዚያው ሰሞን ቹዎል የሚባል በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ደንበኛችን የአንዲት ዓሣ ነጋዴ እጅ ሰብሮ ነበር። እሱም እንደ ኡሞድ ወደ ተጎጂዋ ቤት ሊሄድ አጎቶቹን ሰብስቧል። ጋሽ ደጀኔ ለሹፌሮቹ ሁሉ «እኔን ሳትይዙ እንዳትሄዱ» ብለው አስጠንቅቀው ስለነበር ነግሯቸዋል።

«ዛሬ የመስክ ሥራ አለን» አሉ ጋሽ ደጀኔ ለእንግዳው። የት እንደሆነ አልነገሯቸውም። በር ላይ እስክሪብቶ ሱሪ ኪስ ገባ፤ እንግዳው ግራ ተጋብተው እሳቸውም የራሳቸውን ከተቱ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ከቹዎል አጎቶች ጎን አስቀመጡን። አንዲት ልጅ ለራሷ ሰዎች ውሃ ይዛ ስታልፍ የሕግ ኃላፊው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ደጀኔ ቀስ ብለው እጃቸውን ያዟቸው። «ገና ነው» አሏቸው። ላቡ በክራቫታቸው ላይ ይወርዳል። ቹዎል ተነሥቶ «እኔ ነኝ የገጨሁት» አለ። ያኔ እንግዳው ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ ደንበኛቸው በዓይናቸው ፊት አንቀጹን ሲያፈርሰው እያዩ ነው።

የተጎጂዋ አጎት፣ በትር የያዙ ሽማግሌ፣ በእኛ ወገን የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ በዓይናቸው አለፉ።

«ይሄ አጎቱ ነው፤ አውቀዋለሁ። ይሄ የአክስቱ ልጅ ነው። አንተ፣ ሱፍ የለበስከው፣ የማን ዘመድ ነህ?»

«እኔ... ከድርጅቱ ነኝ።»

«ድርጅት ዘመድ አለው?»

የሕግ ኃላፊው ወደ ጋሽ ደጀኔ ዞሩ። ጋሽ ደጀኔ ዛፉ ላይ ያለች ወፍ በጣም አስፈላጊ ሆናባቸው ወደ ላይ ያያሉ።

«ይህ ሰው ደንበኛችን ነው» አሉ እንግዳው።

«ደንበኛ ምንድን ነው? ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በመጨረሻ የሕግ ኃላፊው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ «አይመለከተንም» ብለው የፈረሙ ሰው፣ ጉሮሯቸው በጥማት ደርቆ «የሚከፈለውን አብሬው እከፍላለሁ» አሉ።

«እሱ ነው ዘመድ» አሉ ሽማግሌው። ነገሩ ብዙም ሳይቆይ አለቀና ውሃ መጣ። ሰው ውሃ እንደዚያ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም።

ስንመለስ የሕግ ኃላፊው «አቶ ደጀኔ፣ ሆን ብለው ነው አይደል?» አሏቸው። «የመስክ ሥራ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ወራት ቆይቶ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት አጭር ተጨማሪ የውል አንቀጽ መጣች፤ ለእኛ ቅርንጫፍ ለሙከራ ተብሎ። ተጎጂን መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስና ይቅርታ መጠየቅ ውል ማፍረስ አይደለም፤ ስለ ካሳው ሲነገር ግን የድርጅቱ ሰው አብሮ ይቀመጥ ትላለች። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መቀመጥ ሆነ። ስንት ግቢ፣ ስንት ዛፍ ሥር እንደተቀመጥኩ አላውቀውም። «ኢንሹራንስ መጣች» ሲሉ ከሹፌሩ አክስቶች ጎን ቦታ ይለቁልኛል። ሥራዬን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት እንጀራዬ ብቻ ነበር።

አንቀጿ እንደደረሰች ጋሽ ደጀኔ መቲ እንሂድ አሉኝ። ጫካውን አቋርጠን ወጣን። ኡሞድ አንድ ደገኛ ሰፋሪ ቤት ተጠግቶ፣ ግቢው ውስጥ ቡና ሲለቅም አገኘነው። ጋሽ ደጀኔ አንቀጿን አንብበው አስረዱት።

«ለኔ ዘገየ» አለ ኡሞድ።

«አዎ፣ ላንተ ዘገየ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ የኔም እንደዚሁ። የቤቱ ባለቤት ማር አቀረበልን፤ ኡሞድ እኛን ላለማሳፈር ከእኛ ጋር በላ።

ዓመታት ቆይቶ ኡሞድ እንደገና ባጃጅ ገዝቶ ወደ ጋምቤላ ተመለሰ። በተመለሰ ሰሞን ቢሮዬ መጥቶ «ወረቀቷን ስጪኝ» አለኝ። አፌን ከፍቼ አየሁት።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ። «ያ ሽማግሌ እኔን ብሎ መቲ ድረስ መጣ። ዘመድ ነው። ዘመድም ይሳሳታል።»

ጋሽ ደጀኔ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። ቀብራቸው በትውልድ አገራቸው ጎሬ ነበር። የጋምቤላ ሹፌሮች ባጃጃቸው ዳገቱን እንደማይችል ስለሚያውቁ አውቶቡስ ተከራይተው መጡ። ኡሞድ ከዘመድ ጋር ቆመ፤ ማንም አልከለከለውም።

እንግዲህ እኔም ጊዜዬ ደረሰና ወንበሬን ለቃልኪዳን አስረከብኩ። ቃልኪዳን ጎበዝ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩን ስትነካው እንደ ፒያኖ ነው። ሹፌሮች የአደጋውን ፎቶ በስልክ ይልኩላታል፣ እሷም እዚያው ትጨርሰዋለች። ስንሰነባበት የሹፌር መቀመጫ ላይ ስለመቀመጥ፣ ስለ ግማሽ በርሜል፣ ስለ እስክሪብቶው ነገርኳት። ፈገግ ብላ ሰማችኝ። «እሺ ማዘር» አለችኝ፣ ለአሮጊት እሺ እንደሚባለው። እስክሪብቶዋ ደረት ኪሷ ላይ ያብለጨልጭ ነበር።

ለዚህ ነው አልጋ ላይ ሆኜ የጠበቅሁት። ሀብታሙ ዘመድ የለውም። ያለ ዘመድ የተጎጂ ቤት ደጃፍ አይረገጥም፤ ካልረገጠ ደግሞ በዚህ ከተማ ዕቃ የሚያምነው ሰው አያገኝም። ያለው ዘመድ መስታወቱ ላይ የለጠፈው የእኛው ድርጅት ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ተነሥቶ አብሮት ይመጣል ወይስ ፎቶ ይልካል? ለቃልኪዳን ደውዬ «ምን አሰብሽ?» ማለት እችል ነበር። ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። እኔ ደውዬ ከመጣችማ መጣች አይባልም። ሰላም ዝምታዬን አይታ ስለ ክሱ ማንሣት ተወች፤ እሷም በሩን ማየት ጀመረች።

እሁድ ከሰዓት፣ ከቸርች መልስ፣ የባጃጅ ድምፅ ሰማን። አንድ አይደለም፤ ተከታትሎ ብዙ መጣ። ሰላም ወጥታ አይታ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ሰው ሞልቷል።»

በወንበር ተሸክመው ግቢ አወጡኝ። ዛፉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት ኡሞድ አለ፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ የቸርች ልብሱን ለብሷል። ከጎኑ ሀብታሙ አንገቱን እንደደፋ ነው። ከኋላ የማውቃቸው ሹፌሮች፣ ግማሾቹ እንኳን ከመቲ ሊመጡ መቲን አይተው የማያውቁ። ከሁሉም ኋላ ቃልኪዳን መሬት ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች።

ሀብታሙ ተነሣ። «ማዘር፣ እጁ የኔ ነው» አለ።

ኡሞድ ቀጠለ። «መቲ ሳለሁ የዚህ ሰው አባት ቤት ሰጠኝ። ማሩን አንቺም በልተሻል። ስለዚህ እኔ አጎቱ ነኝ። እነዚህም ወንድሞቹ ናቸው።»

ለካ ያ ባለ ማር ሰው አባቱ ነው! እንባዬ መጣ፤ ግን ተንኮሌም አብሮ መጣ። የዚያ በትር የያዙ ሽማግሌ ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበረች።

«እናንተን አውቃችኋለሁ» አልኩ። «ያቺ ከኋላ ያለችውስ? የማን ዘመድ ናት?»

ሁሉም ዞር አሉ። ቃልኪዳን ተነሣች። ደረት ኪሷ ባዶ ነበር። ቀሚሷ ላይ፣ ኪሱ አጠገብ፣ የፈሰሰ ሰማያዊ ቀለም አለ፤ ልክ እንደ ጋሽ ደጀኔ ሱሪ።

«የእሱ ነኝ» አለች በጣቷ ሀብታሙን እያሳየች። «የሚከፈለውን አብሬው እከፍላለሁ።»

ሁሉም የኔን ቃል ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ ያቺን ሰማያዊ ነጥብ እያየሁ አለቅሳለሁ። ያኔ ሰላም፣ ክሰሺው ስትለኝ የነበረችው ልጄ፣ ማንም ሳያዛት ከቤት ውሃ ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሀብታሙ ሰጠችው።